ቫይረስ ሕይወት አለው ወይ? የጥያቄው ስሕተት የቱ ላይ ነው

በ1992 በእንግሊዟ ብራድፎርድ ከተማ የሳንባ ምች ተከስቶ መንስኤውን ሲያፈላልጉ የነበሩ ባለሙያዎች ከአንድ ሕንጻ የማቀዝቀዣ ማማ ውሃ ቀዱ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በውሃው ውስጥ በነበሩት አሜባዎች (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት) ሆድ ውስጥ ጥቃቅን ድብልብል ነገሮች ታዩ። በተራ ማይክሮስኮፕ መታየት የሚችሉ ነበሩ፤ ባክቴሪያን ለመለየት የሚያገለግለውን ቀለምም ተቀበሉ። ስለዚህ ባክቴሪያ ተብለው፣ በከተማዋ ስም ተሰይመው፣ ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጡ። ዓይነታቸውን ለይቶ ለማወቅ የተደረገው ጥረት ግን አልሰመረም፤ ማንኛውም ባክቴሪያ የማያጣው፣ ሪቦሶም ለተባለው የፕሮቲን መሥሪያ የሚያስፈልገው ዘረመል በጭራሽ ሊገኝ አልቻለም። ከዓመታት በኋላ ናሙናው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ማርሴይ ተሻግሮ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ምክንያቱ ግልጽ ሆነ፤ ድብልብል የመሰለው ነገር ሀያ ገጽ ያለው፣ ጠርዙ የተስተካከለ የቫይረስ ቀፎ ኖሯል። ግኝቱ በ2003 ይፋ ሲደረግ “ሚሚቫይረስ” ተባለ፤ ባክቴሪያን የሚያስመስል ለማለት ነው።

ይህ ስሕተት ከባለሙያዎቹ ድክመት የመጣ አልነበረም። ከመነሻው ቫይረስ የተለየው በመጠኑ ነበር። በ1892 ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ፣ በ1898 ደግሞ ማርቲነስ ቤየሪንክ የታመመ የትንባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳልፈው፣ የወጣው ፈሳሽ አሁንም ጤነኛውን ቅጠል እንደሚያሳምም አሳዩ። ማጣሪያው የያዘው ባክቴሪያ፣ ያመለጠው ቫይረስ ሆነና ለመቶ ዓመት ያህል ከዚያ የተሻለ ድንበር የሚፈልግ እምብዛም አልነበረም። ሚሚቫይረስ ግን ማጣሪያው የሚይዘው ነው። ዘረመሉ 1.2 ሚሊዮን ያህል ፊደላት (የዘረመል ጽሑፍ የሚዋቀርባቸው ኬሚካላዊ አሃዶች) ሲኖሩት፣ ሕያው መሆኗን ማንም የማይጠራጠራት ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም የተባለች ባክቴሪያ ያሏት 580,000 ያህል ብቻ ናቸው። በ2013 ይፋ የሆኑት ፓንዶራቫይረሶች ደግሞ እስከ 2.5 ሚሊዮን ፊደላት ይዘው ተገኙ። መጠን ከዚህ በኋላ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ምን ይሁን? የመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት ዝርዝር የታወቀ ነው፤ ሕያው ነገር ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ያድጋል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ለአካባቢው ምላሽ ይሰጣል፣ ይራባል። ዝርዝሩ ለተለመደው ነገር ይበቃል፤ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ግን ይከዳል። በቅሎ አትወልድም፤ ሕይወት የላትም የሚል ግን የለም። ቀይ የደም ሕዋስ ዲኤንኤውን (ዘረመሉ የተጻፈበትን ሞለኪውል) አውጥቶ ጥሎ 120 ቀን ያህል ሲሠራ ይከርማል እንጂ ራሱን አያባዛም። እሳት በአንጻሩ ይመገባል፣ አየር ይስባል፣ ያድጋል፣ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው እየተዛመተ ይባዛል። እሳትን ከሕያዋን የሚለየው ከወላጁ የሚወርሰው ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ከክብሪት የተነሣ እሳትና ከመብረቅ የተነሣ እሳት፣ እንጨቱና ነፋሱ አንድ ከሆነ፣ ያው አንድ ናቸው፤ ከየት እንደመጡ የሚናገር ምንም ነገር በውስጣቸው አልተጻፈም። በቫይረስ ውስጥ ግን ተጽፏል፤ ክርክሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ቫይረስን ወደ ግዑዙ ወገን የገፋው ዋናው ክስተት የሆነው በ1935 ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዌንደል ስታንሊ የትንባሆውን ቫይረስ ከቅጠል ጭማቂ አጣርቶ እንደ ጨው ወይም እንደ ስኳር ክሪስታል አደረገው። ዱቄቱ ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ የሚበላውም የሚተነፍሰውም ነገር የለም። ነገር ግን ጥቂቱን በውሃ በጥብጠው ቅጠል ላይ ቢያሹት ከቀናት በኋላ ቅጠሉ በቢጫና በአረንጓዴ ይዥጎረጎራል፤ ከዚያ ቅጠል ደግሞ ከተጨመረበት እጅግ የሚበልጥ ያንኑ ዱቄት መልሶ ማውጣት ይቻላል። ስታንሊ በ1946 የኖቤል ሽልማት የተጋራው በሕክምና ሳይሆን በኬሚስትሪ ነበር፤ ይህ ራሱ ዘመኑ ቫይረስን የት እንዳስቀመጠው ይናገራል። እርሱ ንጹሕ ፕሮቲን ነው ብሎ ቢያስብም፣ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዝ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች ከክብደቱ 6 በመቶ የሚጠጋው አርኤንኤ (እንደ ዲኤንኤ ዘረመል ሊጻፍበት የሚችል ቅርብ ዘመዱ) መሆኑን አረጋገጡ። በ1955 ፕሮቲኑና አርኤንኤው ለየብቻ ተለይተው እንደገና ሲቀላቀሉ ቫይረሱ ማንም ሳይገጣጥመው ራሱ ተገጣጠመ፤ የማሳመም ኃይሉም ተመለሰ። በ2002 ደግሞ 7,500 ያህል ፊደላት ያሉት የፖሊዮ ቫይረስ፣ ከኮምፒውተር ላይ ከተነበበ ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ፣ በቤተ ሙከራ ከኬሚካል ተሠራ።

ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎች የወሰዱት ትምህርት “በኬሚካል ሊሠራ የሚችል ነገር ሕይወት የለውም” የሚል ነበር። እኔ ይህን መከራከሪያ ደካማ ሆኖ አገኘዋለሁ። በ2010 አንድ የአሜሪካ የምርምር ቡድን የአንዲት ባክቴሪያን ሙሉ ዲኤንኤ ከኬሚካል ሠርቶ፣ በሌላ ባክቴሪያ ውስጥ ሲያስገባው ሕዋሷ በአዲሱ ጽሑፍ መመራትና መከፋፈል ጀመረች። ባክቴሪያዋ ዲኤንኤዋ በሰው እጅ ስለተሠራ ሕይወት የላትም ያለ አልነበረም። ሕያው ነገር ሁሉ ከኬሚካል የተሠራ ከሆነ፣ ከኬሚካል መሠራት ማንንም ከሕያዋን ዝርዝር ሊያስወጣ አይችልም። በፖሊዮውና በባክቴሪያዋ መካከል ያለው ልዩነት ሌላ ነው፤ ባክቴሪያዋ የምግብ ፈሳሽ ከቀረበላት ራሷን ችላ ትባዛለች፣ ፖሊዮው ግን የሌላውን ሕዋስ ቤት ይሻል።

እዚህ ላይ ሕዋሱ ውስጥ የሚሆነውን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቲ-4 የተባለው ቫይረስ በባክቴሪያ ላይ ያርፋል። ጭንቅላቱ ዲኤንኤ የታጨቀበት ቀፎ ነው፤ ከሥሩ እንደ መርፌ የሚኮማተር ጅራት፣ ከጅራቱ ጫፍ ደግሞ እንደ ሸረሪት እግር የሚዘረጉ ክሮች አሉት። ክሮቹ የባክቴሪያዋን ገላ ሲይዙ ጅራቱ ይኮማተርና ዲኤንኤው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ባዶው ቀፎ ውጭ ይቀራል። ከዚያ የሚሆነው በጣም የሚገርም ነው። ከገባ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አሥር ያህል ደቂቃዎች ውስጥ ባክቴሪያዋን ሰብሮ ቫይረስ የሚፈልግ ሰው አንድም አያገኝም። ቫይረሱ ይሰወራል፤ ተመራማሪዎችም ጊዜውን “ግርዶሽ” ይሉታል። ቀፎ የለም፣ ጅራት የለም፣ ሌላ ሕዋስ ሊያጠቃ የሚችል አንድም ቅንጣት የለም። ነገር ግን ትልቁ ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው፤ የባክቴሪያዋ ዲኤንኤ ይበጣጠሳል፣ ሪቦሶሞቿ የቫይረሱን ፕሮቲኖች ብቻ መሥራት ይጀምራሉ፣ የምታመነጨው ኃይል በሙሉ ለአዲሱ ጌታ ይውላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገላዋ ይፈነዳና ከመቶ በላይ አዳዲስ ቫይረሶች ይወጣሉ።

እንግዲህ በግርዶሹ ጊዜ ቫይረሱ የት ነበር? ቫይረስ ማለት ያቺ በማይክሮስኮፕ የምትታየው ቅንጣት ከሆነች፣ የለም ማለት ነው፤ ሳይኖር ደግሞ መቶ ልጆች ሊያፈራ አይችልም። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ፓትሪክ ፎርቴር ከዚህ ተነሥቶ ያቀረበው ሐሳብ ከሁሉም የሚያሳምነኝ ነው። ቅንጣቷን “ቫይረስ” ማለት የሰናፍጭን ፍሬ ሰናፍጭ ነው ብሎ ተክሉን ሳያዩ እንደመቅረት ነው ባይ ነው በጥቅሉ፤ ምሳሌው የእኔ ቢሆንም። እንደ እርሱ አባባል ቫይረሱ በእውን የሚኖረው የተያዘው ሕዋስ ውስጥ ሲሆን፣ ያ ሕዋስ ከዚያ ወዲያ የባክቴሪያ ሕዋስ መሆኑ ቀርቶ ባክቴሪያ ሳይሆን ቫይረስ የሚያመርት የቫይረስ ሕዋስ ሆኗል። ይህ ሕዋስ ኃይል ይጠቀማል፣ ፕሮቲን ይሠራል፣ ዘሩን ያባዛል። “ቫይረስ ሕይወት አለው ወይ?” የሚለው ጥያቄ ለዘመናት መልስ ያጣው፣ በእኔ እይታ፣ ዘወትር የሚቀርበው ስለ ቅንጣቷ በመሆኑ ነው።

ለዚህ አመለካከት ፈተና የሚሆን አንድ እንግዳ ቫይረስ አለ። ጣሊያን ውስጥ ፖዙኦሊ በተባለ ስፍራ ካለ የሚፋጅ አሲዳማ ፍል ውሃ የተገኘው ባለ ሁለት ጅራት ቫይረስ፣ ከሕዋሱ ሲወጣ የሎሚ ቅርጽ ያለውና ጅራት የሌለው ነው። ከ75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ግን፣ ሕዋስ በአጠገቡ ሳይኖር፣ በሁለቱም ጫፎቹ ጅራት ያበቅላል። በ2005 ሲታተም “ከሕዋስ ውጭ ምንም አያደርግም” የሚለውን የቆየ አባባል አናጋ። ሆኖም ጅራቱ የሚያድገው ከውጭ ኃይል እየወሰደ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተዘጋጀው ፕሮቲን በሙቀቱ ሲዘረጋ ነው። የተጠቀለለ ሽቦ ሲለቁት ይዘረጋል፤ ስለተዘረጋ ግን ሕይወት አለው አይባልም።

ቫይረስን ከዝርዝሩ ለማውጣት አጥብቆ የሚነሣው ምክንያት ጥገኝነቱ ነው። ጥገኝነት ግን ያለና የሌለ የሚባል ነገር ሳይሆን ደረጃ ያለው ነው። ሰው ቫይታሚን ሲን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ዘጠኝ ዓይነት አሚኖ አሲዶችንም የሚያገኘው ሌላውን በልቶ ነው። ክላሚዲያ የተባለችው ባክቴሪያ ከሌላ ሕዋስ ውጭ መባዛት ስለማትችል በአንድ ወቅት ቫይረስ ተብላ ነበር። ጭማቂ በሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት ሕዋስ ውስጥ የምትኖረው ካርሶኔላ 160,000 ያህል ፊደላት ብቻ ቀርተዋታል፤ ለኑሮ የግድ ያስፈልጋሉ ከሚባሉት ዘረመሎች ብዙዎቹን ጥላለች። በ2025 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን፣ ሱኩናርኬየም ብሎ የሰየመውን 238,000 ያህል ፊደላት ያሉት አርኬያ (ባክቴሪያ የሚመስል፣ ግን የተለየ ወገን የሆነ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት) አስታወቀ። ይህ ፍጥረት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ ገላ የሚቀይሩ ዘረመሎችን ከሞላ ጎደል ሁሉ አጥቶ፣ የቀረው በአብዛኛው ራሱን መቅጃና ፕሮቲን መሥሪያ ነው። ከቫይረስ የሚለየው እንግዲህ ሪቦሶሙን ራሱ በመሥራቱ ብቻ ነው ለማለት ምንም አይቀር።

ብዙ ባለሙያዎች ድንበሩን ሪቦሶም ላይ የሚያሰምሩት ለዚህ ነው፤ ሪቦሶም ያለው ሕያው፣ የሌለው ሕያው ያልሆነ። ድንበሩ ለመጠቀም የተመቸ መሆኑን አልክድም፤ የብራድፎርዱን ምስጢር የገለጠውም ያው የሪቦሶም ዘረመል መጥፋቱ ነው። ግን በሰውነታችን ሕዋሶች ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች የራሳቸው ሪቦሶምና 16,569 ፊደላት ያሉት የራሳቸው ዲኤንኤ አላቸው። በጥንት ዘመን ባክቴሪያ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ራሱን የቻለ ሕያው ፍጥረት ብሎ የሚቆጥራቸው የለም። ድንበሩ ቫይረስን ለማስወጣት ሲሠመር፣ ማስገባት ያልፈለግነውን አስገባ።

ከቫይረስ በታችም ገና ብዙ ደረጃ አለ። በ1971 ቴዎዶር ዲነር ድንችን የሚያሳምም፣ ቀፎም ፕሮቲንም የሌለው ትንሽ አርኤንኤ መኖሩን አሳይቶ “ቫይሮይድ” አለው፤ በኋላ 359 ፊደላት ብቻ ያሉት የቀለበት ቅርጽ ያለው ሆኖ ተገኘ። በ2024 ደግሞ በሰው አፍና አንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ዘንድ፣ አንድ ሺህ ያህል ፊደላት ያሏቸው፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላስተዋላቸው ሌሎች የአርኤንኤ ቀለበቶች እንዳሉ ታወቀና “ኦቤሊስክ” ተባሉ። ፕሪዮን ደግሞ ዘረመል የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለው፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ሆኖ፣ ጤነኛውን ፕሮቲን በራሱ ቅርጽ እያጣመመ በአንጎል ውስጥ የሚዛመት ነው። ፕሪዮንን ከድንበሩ ወዲያ ለማስቀመጥ ብዙም አላመነታም፤ የሚያዛምተው ቅርጽን እንጂ የራሱን ጽሑፍ አይደለም፣ የሚያጣምመውንም ፕሮቲን የሚያገኘው ከሕዋሱ ከራሱ ዘረመል ነው።

ከድንበሩ በሌላኛው ወገን ያሉትም ጥያቄውን አያቀልሉትም። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ በ1702 ከቦይ ውስጥ የወሰደውን ደረቅ አቧራ በውሃ ሲያርሰው፣ የደረቁ ጥቃቅን እንስሳት ተነሥተው መዋኘት ሲጀምሩ አየ። በ2021 ደግሞ ሮቲፈር የተባሉት የዚሁ ወገን እንስሳት፣ በሳይቤሪያ በረዶ ውስጥ 24,000 ዓመት ያህል ቀዝቅዘው ከቆዩ በኋላ ሲሟሙ ተንቀሳቅሰው መራባታቸው ተዘገበ። ጨርሶ የደረቀ እንስሳ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ኃይል አያቃጥልም። ይሁንና ሞቶ ተነሣ አንልም፤ በሕይወት ነበረ እንላለን። አማርኛችን እዚህ ላይ ጥሩ አድርጎ ያጋልጠናል። “አባትህ አሉ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ሕይወታቸው እየጠየቀ ነው፤ “ድንጋዩ አለ” ስንል ግን ሕይወትን አናስብም። መኖርና ሕያው መሆን በአንድ ግስ ውስጥ ተዳብለዋልና፣ የደረቀው እንስሳ “አለ” ሲባል በየትኛው ፍች እንደሆነ ቋንቋው አይነግረንም። እንቅስቃሴ ማቆም ለደረቀው እንስሳ የሞት ማስረጃ ካልሆነ፣ ለቫይረሷ ቅንጣት ብቻ ማስረጃ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ከተሰጡት ትርጓሜዎች ሁሉ በስፋት የሚጠቀሰው በ1994 በናሳ አካባቢ የተቀረጸው ነው፤ ሕይወት ራሱን የሚያዘልቅና በዳርዊን ዝግመተ ለውጥ ሊለወጥ የሚችል ኬሚካላዊ ሥርዓት ነው ይላል። ቫይረስ በሁለተኛው ግማሽ ከማንም ይበልጣል፤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየጊዜው የሚከለሰው ቫይረሱ ዘወትር ስለሚለወጥ ነው። የሚወድቀው “ራሱን የሚያዘልቅ” በሚለው ላይ ነው፤ ይህ ሐረግ በጥብቅ ከተያዘ ግን ካርሶኔላም ትወድቃለች። ፈላስፋዋ ካሮል ክሌላንድ ችግሩ ከቃላት ምርጫ የራቀ መሆኑን ታስረዳለች። ኬሚስትሪ ገና ሳይታወቅ ውሃን ለመተርጎም የሞከረ ሰው “የሚፈስ፣ ጥምን የሚቆርጥ፣ የሚያርስ” ከማለት አያልፍም ነበር፤ ትርጉሙ የተገኘው ስለ ሞለኪውል የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ ሲመጣ ነው። ስለ ሕይወት ያለን ናሙና አንድ ብቻ ነው፤ ከባክቴሪያ እስከ ዝሆን የምናውቀው ሁሉ የአንድ ግንድ ዝርያ ነው።

ትርጓሜ የሌለበት ምርመራ ምን እንደሚያስከትል በ1976 ማርስ ላይ ታይቷል። ቫይኪንግ የተባሉት መንኮራኩሮች በማርስ አፈር ላይ፣ ካርቦኑ ጨረር እንዲያወጣ የተደረገ የምግብ ፈሳሽ አፈሰሱ፤ አፈሩ ውስጥ የሚበላው ካለ ጨረር ያለበት ጋዝ ይወጣል ተብሎ ነበር። ጋዙ ወጣ። ሌላው መሣሪያ ግን የማርስ የሆነ የካርቦን ውሁድ በአፈሩ ውስጥ አላገኘም። በ2008 ፊኒክስ የተባለው መንኮራኩር በማርስ አፈር ውስጥ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው ካገኘ በኋላ፣ ሕይወት ሳይኖር እንዲህ ያለ ውጤት ሊመጣ የሚችልባቸው መንገዶች በረከቱ። “መብላት” ብቻውን ምስክር መሆን እንደማይችል ለመረዳት ወደ ማርስ መሄድ ባላስፈለገ ነበር፤ እሳትም ይበላል።

ሐኪሞች ከዚህ ሁሉ ክርክር ወጣ ብለው የራሳቸውን ቃል ይዘዋል። የፖሊዮ ክትባት ሲሉ “የተገደለ” እና “ሕያው ግን የተዳከመ” ብለው ይለያሉ፤ ለእነርሱ ሕያው ማለት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ መባዛት የሚችል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። ለሥራቸው ይበቃል። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ምን ይሠራል የሚለውን እንጂ ቅንጣቷ በጠርሙስ ውስጥ ምን ናት የሚለውን ስለማይጠይቅም፣ ከፎርቴር ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

ፈንጣጣ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በተፈጥሮ መንገድ የመጨረሻው ሰው የተያዘው በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ሲሆን፣ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የቀረው አሜሪካና ሩሲያ ውስጥ ባሉ ሁለት ቤተ ሙከራዎች በጥልቅ ቅዝቃዜ የተያዘው ናሙና ነው። ይጥፋ ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር ለዐሠርት ዓመታት ዘልቋል። ነገር ግን ጽሑፉ ፊደል በፊደል ተነብቦ ስለተቀመጠ፣ ናሙናው ቢቃጠል እንኳ ጠፋ ለማለት ያስቸግራል። በ2018 የታተመ አንድ የካናዳ ሥራ ይህን በቅርብ ዘመዱ አሳይቷል፤ የፈረስ ፈንጣጣ ቫይረስ ሙሉ ዘረመል፣ በትእዛዝ ከተሠሩ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች ተቀጣጥሎ ተሠራ። ሆኖም ዲኤንኤው ብቻውን ሕዋስ ውስጥ ቢገባ ምንም አይሆንም ነበር፤ የዚህ ወገን ቫይረሶች ሥራ የሚጀምሩት ቀፏቸው ውስጥ ይዘው በሚመጡት ኢንዛይም ነውና። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ሕዋሶቹን ጥንቸልን በሚይዝ ሌላ የፈንጣጣ ዘመድ ቫይረስ አስያዙ፤ የተሠራውን ዲኤንኤ የጨመሩት ከዚያ በኋላ ነው። እሳት ከሚነድ ምድጃ እንደሚጫር፣ አዲሱ ቫይረስ የተጫረው በሥራ ላይ ከነበረው ከዚያኛው ነው። ከዚያ ወዲያ ከሕዋሶቹ መካከል ጥቂቶቹ የፈረስ ፈንጣጣ ማውጣት ጀመሩ።